የእንጎቻ ታሪክ፦ ለመሆኑ የድሮ እናት ጊዜ ነበራት?

«የድሮ እናቶች እኮ ለልጆቻቸው ጊዜ ነበራቸው!» የሚል ወቀሳ ሰምቶ የማያውቅ የከተማ ወላጅ ካለ እጁን ያውጣ። ወቀሳው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከመሸ በኋላ ነው። እናት ከሥራ ወጥታ፣ የታክሲ ሰልፍ ጠብቃ፣ አራት ፎቅ ደረጃ ወጥታ ቤት ስትገባ ልጅ «ራበኝ» ይላል። መኮሮኒ ይጣዳል። ሱጎው ከትናንት የተረፈ ነው። ይሄኔ ከሶፋው ላይ አንዲት አክስት ወይም አንዲት አማት «በእኛ ጊዜ እንኳ…» ብለው ይጀምራሉ። (አባትም ከሥራ የገባው በዚያው ሰዓት ነው፤ ወቀሳው ግን እሱን አልፎ ይሄዳል። ወደዚህ ነገር እንመለስበታለን።)

እኛም ነገሩን ለታሪክ ፍርድ እናቅርበው አልን። ለመሆኑ የድሮ እናት ጊዜ ነበራት ወይ? ልጆችስ ዛሬ ከሱቅ የሚገዛላቸውን ጣፋጭ ነገር ያኔ ከየት ያገኙት ነበር?

ታሪክ ግብር እንጂ መክሰስ አይጽፍም

ስለ አገራችን ምግብ የተጻፈ ታሪክ ስንፈልግ መጀመሪያ የምናገኘው ድግስ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1887 እ.ኤ.አ. ለእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ምረቃ ያበሉት ለቀናት የዘለቀ ግብር በምኒልክ ዜና መዋዕል ሰፍሮ ይገኛል። ጸሐፊው ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ስለ ወጡ፣ ስለ ጠጁ፣ ስለ እንጀራው ብዛት ጽፈውልናል። ያን ሁሉ እንጀራ ሲጋግሩ የሰነበቱት ሴቶች ልጆች ግን በዚያ ሳምንት ምን በሉ? ይህን የጻፈልን የለም። የግብር ታሪክ ጸሐፊ አለው፤ የመክሰስ ታሪክ ጸሐፊ የለውም።

ስለዚህ መዝገብ ሲጠፋ ቋንቋችንን ጠየቅን። አማርኛ ለልጅ ከሚሰጡ ነገሮች የብዙዎቹን ስም አስቀምጦልናል። እንጎቻ አለ፤ ለልጆች ተብላ የምትጋገር ትንሽዬ እንጀራ። ሙልሙል አለ፤ ነሐሴ 13 የቡሄ ዕለት ለሚጨፍሩ ልጆች የሚሰጥ ትንሽ ዳቦ። የበሶ ጭብጦ አለ። ከቡና ቁርስ የሚዘገን ቆሎና ፈንዲሻ አለ። ቂጣው ሲበስል ጫፉ ተቆርሶ፣ ቅቤ ተቀብቶ የሚሰጥም አለ።

ዝርዝሩን ደጋግመን ስናየው አንድ ነገር ገባን። ከእነዚህ አንዱም ለልጅ ብቻ ተብሎ እሳት የተነሣለት አይደለም ማለት ይቻላል። እንጎቻ የምትገኘው እናት የሳምንቱን እንጀራ ልትጋግር ምጣድ ስትጥድ ነው፤ ምጣዱ ሞቋል፣ ሊጡ ቦክቷል፣ ከዚያ ላይ አንድ ጭልፋ የልጅ ድርሻ ይሆናል። የበሶ ጭብጦ የሚገኘው ለመንገደኛ ስንቅ ገብስ ሲቆላና ሲፈጭ ነው። ፈንዲሻው የሚገኘው ትልልቆቹ ቡና ሊጠጡ ስለሆነ ነው። የልጅ ደስታ ከትልቁ ሥራ ላይ የሚቆረስ ነበር።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ እዚህች ላይ ነው። ትልቁ ሥራ ከቤት ሲወጣ እንጎቻም አብራ ትወጣለች።

ጊዜ ያልነበራት እናት

ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። የድሮ እናት ጊዜ አልነበራትም። ኧረ በፍጹም!

አንድ ቀን ለመብላት ብቻ ምን ያህል ሥራ እንደነበረ እናስላ። እህሉ ይለቀማል፣ ይበጠራል፣ ከዚያ በድንጋይ ወፍጮ ላይ ተንበርክኮ በመጅ ይፈጫል። ለአንድ ቤተሰብ የሚበቃ ዱቄት የሰዓታት ጉልበት ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚፈጨው ጎህ ሳይቀድ ነበር። ውኃው ከምንጭ በእንስራ በጀርባ ይመጣል። እንጨቱ ይለቀማል። ሊጡ በእርሾ ቦክቶ ለምጣድ እስኪደርስ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። በርበሬው ተቀንጥሶ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ ተደልዞ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉ፣ ከበሶብላውና ከኮረሪማው ጋር ተዋሕዶ በርበሬ እስኪባል ሳምንታት ያልፋሉ። ሽሮውም እንዲሁ ነው፤ ይታጠባል፣ ይታመሳል፣ ይከካል፣ ይቀመማል፣ ይፈጫል። ዛሬ «ሽሮ እኮ ቀላል ምግብ ነው፣ በሃያ ደቂቃ ይደርሳል» የምንለው ያቺን የመጨረሻዋን ሃያ ደቂቃ ብቻ ቆጥረን ነው።

የእነዚያ ሴቶች ሥራ በሰላም ጊዜ ብቻ የሚቆም አልነበረም። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመተው ሠራዊት የዛሬ ጦር ሠራዊት የሚኖረው ዓይነት የስንቅ ክፍል አልነበረውም። እህል ፈጭተው፣ ጋግረው፣ ውኃ ቀድተው ሠራዊቱን ያበሉት አብረው የዘመቱት ሴቶች ነበሩ። ከየቤቱ የወጣው ስንቅም በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ ቋንጣና ድርቆሽ ነበር።

እስቲ ይህን የስንቅ ዝርዝር በዛሬ ዓይን እንየው። ድርቆሽ ማለት እንጀራ ደርቆ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ይቆያል፣ አይከብድም፣ ትኩስ ቁሌት ሲያገኝ ተመልሶ ይለሰልሳል። በሶ በውኃ ከተበጠበጠ እሳት እንኳ አይፈልግም። ፈጣን ምግብ የተባለውን ነገር ፈረንጅ አላስተማረንም። እናቶቻችን የሚያውቁት ምሥጢር ቀላል ነበር፤ የምግቡን ሥራ አስቀድሞ ሠርቶ ማስቀመጥ። ዛሬ በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠው «ሦስት ደቂቃ ብቻ» የሚል ምግብም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ሞሞፉኩ አንዶ የተባለው ሰው በ1958 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ የመጀመሪያውን ፈጣን ኑድል ለገበያ ሲያቀርብ ያደረገው ነገር ቢኖር የተቀቀለውን ኑድል በዘይት ጠብሶ ማድረቅ ነው። ከድርቆሽ ጋር ቢገናኙ ዘመድ ነን በተባባሉ ነበር።

እንግዲህ የድሮዋ እናት ከዛሬዋ ያላነሰ ሥራ ነበረባት። ታዲያ «ጊዜ ነበራቸው» የሚለው ስሜት ከየት መጣ? የሚመስለን እንዲህ ነው። ሥራው ልጅ ባለበት ቤት ውስጥ ስለነበር ልጁ እናቱን ያያታል፣ ጭሱን ይሸታል፣ ምጣዱ ሥር ተቀምጦ እንጎቻውን ይጠብቃል። እናት ጊዜ አልነበራትም፤ ግን ሥራዋ ከልጁ ዓይን አልራቀም።

ደግሞም ገነት አልነበረም

የድሮውን ስናወድስ የጎደለውን እንዳንደብቅ። «ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ገበታ ዙሪያ እየሳቀ ይበላ ነበር» የሚለው ሥዕል የሁሉም ቤት እውነት አይደለም። በብዙ ቤት አዋቂ ሲበላ ልጅ ቆሞ ይጠብቃል፤ ማታ ከሆነ ጧፍ ወይም ኩራዝ ይዞ ያበራል። ትልልቆቹ ሲጠግቡ የተረፈው ለልጆች ይደርሳል። አባት ደስ ካለው ጉርሻ ይሰጣል። ልጅ ከአዋቂ ጋር እኩል ተቀምጦ፣ እያወራና እየሳቀ መብላቱ በብዙ ቤት ከከተማ ኑሮና ከዘመናዊ ትምህርት ጋር ቀስ በቀስ የመጣ ልማድ ነው። ዛሬ ደክሟት ገብታ ከልጇ ጋር አንድ ትሪ ላይ መኮሮኒ የምትበላ እናት ቅድመ አያቷ ያላየችውን ነገር እያደረገች ነው። ይህንን ለአክስታችን በትሕትና ንገሩልን።

ሌላም አለ። ያን ሁሉ ሥራ እናት ብቻዋን አልሠራችውም፤ ሴት ልጆቿ አብረዋት ሠርተዋል። ወንዱ ልጅ ማጀት ከገባ ይሰደብ ነበር፤ ሴቷ ደግሞ ካልገባች ትሰደብ ነበር። እንጎቻ የሚበላውና እንጎቻ የምትጋግረው እኩያሞች የሆኑበት ቤት ጥቂት አልነበረም።

ወፍጮ፣ ፓስታ፣ ከረሜላ

ትልቁ ሥራ ከቤት መውጣት የጀመረው በወፍጮ ነው። በምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገቡት አዳዲስ ነገሮች አንዱ የእህል ወፍጮ ነበር። ስልኩና ባቡሩ በታሪክ መጻሕፍት ብዙ ተወርቶላቸዋል፤ ለሴቶች ጉልበትና ወገብ ግን እንደ ወፍጮ የጠቀመ መኖሩን እንጠራጠራለን። ወፍጮ ቤት በየሰፈሩ ሲስፋፋ የንጋቱ የመጅ ድምፅ ከከተማ ጠፋ። በምትኩ እህል ተሸክሞ ሄዶ ተራ መጠበቅ መጣ፤ እሱም የሴት ልጅ ሥራ ሆነ።

ቀጥሎ ጣሊያን መጣ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው ወረራ በደም የሚታወስ ነው፤ ይሁንና ከሄደ በኋላ በማጀታችን ውስጥ የተዋቸው ቃላት አሉ። ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ሱጎ፣ ሳልሳ፣ ላዛኛ፣ ፉርኖ። የልጆችማ ይብሳል፤ ከረሜላ፣ ብስኩት፣ ማርማላታ፣ ጀላቲ፣ ቦምቦሊኖ። ልብ ብላችሁ እንደሆነ ከእንጎቻ ቀጥሎ የመጣው የልጅ ጣፋጭ ዝርዝር ግማሹ የጣሊያን ስም ነው። ወራሪው ተሸንፎ ሄደ፤ መኮሮኒውን ግን እናቶቻችን ማርከው አስቀሩት። በርበሬ ጨመሩበት፣ ቁሌት አደረጉለት፣ ሲያሻቸው በእንጀራ አቀረቡት። ዛሬ ጣሊያን ቢመጣ የራሱን ምግብ አያውቀውም።

ፓስታ የከተማ እናት ወዳጅ የሆነው ስለጣፈጠ ብቻ አይደለም። እርሾ አይፈልግም፣ ሦስት ቀን አይጠብቅም፣ ምጣድና ጭስ የለውም፣ በአንዲት ቡታጋዝ ላይ ይሠራል። ጠዋት ወጥታ ማታ የምትገባ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሴት በከተማ ስትበዛ ከሥራ ሰዓቷ ጋር የሚስማማ ምግብ እሱ ሆኖ ተገኘ።

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ መንግሥት ራሱ ወደ ልጆች ምግብ ገባ። በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ተቋም ከስንዴ፣ ከሽምብራ፣ ከአኩሪ አተርና ከወተት ዱቄት የተዘጋጀ የልጆች ምግብ አወጣ። ስሙንም ፋፋ አሉት። በአማርኛ «ፋፋ» ማለት ሰውነቱ ዳበረ፣ ወፈረ ማለት ነውና የምግብ ስም እንዲህ ተሳክቶለት አያውቅም። በፋፋ ገንፎ ያደገው ትውልድ ዛሬ አያት ሆኗል። ፋፋ ከእንጎቻ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ከትልልቆቹ ምግብ ያልተቆረሰ፣ ለልጅ ብቻ ተብሎ በፋብሪካ የተሠራ ነው።

በደርግ ዘመን ሱቁ ሳሳ። ስኳርና ሌሎች ሸቀጦች በቀበሌ ሱቅ በሰልፍ የሚገኙ ሆኑ፤ ዳቦም ሰልፍ ነበረው። በዚያ ዘመን ልጅ የነበሩ ሰዎች ደስታ ከረሜላን ሲያነሱ ፊታቸው የሚፈካው ለዚህ ይመስለናል። ጥቂት በነበረ ጊዜ አንድ ከረሜላ ለአራት በጥርስ ይካፈል ነበር።

ጊዜው ወዴት ሄደ?

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም መገንባት ስትጀምር የማጀቱ ነገር ለየለት። በፎቅ ቤት ውስጥ የእንጨት ምጣድ አይጣድም። ለእንጀራና ለመሳሰለው ሥራ ተብለው ከሕንፃዎቹ ሥር የጋራ ቤቶች ተሠሩ፤ ብዙ ነዋሪ ግን ቀላሉን መረጠ። እንጀራውን ከጉሊትና ከሱቅ፣ በርበሬውንና ሽሮውን ከባልትና ቤት መግዛት ጀመረ። ልጁም እንጀራ ከላስቲክ የሚወጣ ነገር መሰለው። ምጣድ ያልተጣደበት ቤት እንጎቻ ከየት ይምጣ? በቦታው ብስኩቱ፣ ቺፕሱና ኢንዶሚው ገቡ።

በዚህ ቦታ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ከቤታችን የወጣው ሥራ አልጠፋም፤ ወደ ሌላ ሰው ተዛወረ። እንጀራውን የምትሸጥልን ሴት እኛ ስንተኛ ትጋግራለች። የባልትና ቤቷ ሠራተኛ በርበሬ ስታስነጥሳት ትውላለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቤት ውስጥ ያለችው ልጅ አለች። ከገጠር በዘመድ ወይም በደላላ መጥታ፣ ራሷ ገና ልጅ ሆና፣ የእኛን ልጆች ምሳ ዕቃ የምትቋጥር። የእኛ ቤት «ቀላል ቁርስ» ቀላል የሚሆነው እሷ አሥራ አንድ ሰዓት ስለምትነሣ ነው። ዕድለኛ ከሆነች ማታ ትማራለች፤ ዕድለኛ ካልሆነች የሰው ልጅ ደብተር እያየች ታድጋለች። ከእነሱ ብዙዎች አድገው ቤይሩት፣ ጅዳና ዱባይ የሄዱት የሌላ አገር ልጆችን ሊያበሉ ነው፤ የራሳቸውን ልጆች ደግሞ አያት ታበላለች። ሥራ የበዛባቸው ወላጆች ታሪክ ሲጻፍ እነዚህ ሴቶች ከግርጌ ማስታወሻ ከፍ ብለው መጻፍ አለባቸው። የተጠራቀመው ጊዜያችን የእነሱ ነውና።

ደስ የሚልም ነገር አለ። ከ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ማብላት ጀመረ። ምግቡን የሚሠሩት በማኅበር የተደራጁ፣ ለሥራቸው የሚከፈላቸው ሴቶች ናቸው። ጉድለቱ ላይ ብዙ ሊባል ይችላል፤ ታሪካዊ ትርጉሙን ግን እንዳናሳንሰው። ልጅን ማብላት የአንዲት እናት የግል ጣጣ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የከተማ ጉዳይ፣ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ሆነ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

«ወደ ድሮው እንመለስ» አንልም። መጁን ማንም አይናፍቅም፤ የሚናፍቅ ካለ መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ይፍጭበት። ፓስታውንም ኢንዶሚውንም ከቤት አናባርርም። ከታሪኩ የምንወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጅን ደስ ያሰኘው የእናት ትርፍ ጊዜ አልነበረም፤ ሥራው አጠገብ ቁጭ ማለቱና ከሥራው የራሱን ድርሻ ማግኘቱ ነበር። ይህን ደግሞ በፎቅ ቤትም፣ በግማሽ ሰዓትም መመለስ ይቻላል።

ጨጨብሳ እንውሰድ። ስሙ ከኦሮምኛ የመጣ ነው፤ መሰባበር ከሚለው ቃል። ዱቄት፣ ውኃና ጨው ይለወሳል፣ በመጥበሻ ላይ ስስ ቂጣ ይጋገራል። ከዚያ ስሙ እንደሚለው መሰባበር ነው። ይህን ለልጆች ስጧቸው! ለመቅደድ የተፈጠሩ ናቸው። ለትልልቁ በርበሬና ቅቤ፣ ለትንንሹ ማር። ከዱቄት እስከ ትሪ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

በሶም አለ። ከባልትና ቤት የተገዛ ዱቄት፣ የተነጠረ ቅቤ፣ ቁንጥር ጨው። እሳት የለውም፣ ቢላ የለውም፤ የአምስት ዓመት ልጅ እጁን ታጥቦ ጭብጦውን ራሱ ይጨብጣል። ለምሳ ዕቃም ይሆናል፤ በዓድዋ መንገድ ያልተበላሸ ትምህርት ቤት እስኪደርስ አይበላሽም። የተረፈ እንጀራም አይጣል፤ ቆራርጣችሁ አድርቁት፣ ሥራ በሚበዛበት ማታ ቁሌት ብቻ ይጠብቃል።

እንጎቻዋስ? እንጀራ ከምትሸጥላችሁ ሴት አንድ ጣሳ የቦካ ሊጥ ግዙ። ቅዳሜ ጠዋት በማይዝ መጥበሻ ላይ አንድ ጭልፋ አፍስሱ፣ ዐይን ሲያወጣ ክደኑት፣ እስኪበስል ቁጠሩ። ልጆቹ አብረው ይቁጠሩ። ያላማረች ብትሆንም እንጎቻ አምራ አታውቅም፤ ትኩስ ናት፣ ትንሽ ናት፣ የልጁ ናት።

መጀመሪያ ላይ «እንመለስበታለን» ያልነውን አባት ደግሞ አልረሳነውም። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ወፍጮ መጣ፣ ቡታጋዝ መጣ፣ ፓስታ መጣ፣ ፋብሪካ መጣ፣ ከተማው ራሱ ምሳ ማብላት ጀመረ። ወደ ማጀቱ ገና ያልደረሰው አባት ነው። ጭልፋው ቀላል ነው፤ ይያዘው። ልጆቹም፣ ወንዱም ሴቷም፣ ከጎኑ ይቁሙ። ያን ቀን አክስታችን «በእኛ ጊዜ እንኳ…» ብለው ቢጀምሩ፣ እውነታቸውን ነው፤ በእሳቸው ጊዜ ይህ አልነበረም።